ሞተሩ ሳይወርድ፦ ብዙ የሮጠ መኪና ቢጠገን ያዋጣል ወይ?

መኪናው ዘይት መብላት ጀምሯል፣ ወይም ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ወይም ከሥር አዲስ ድምፅ መጥቷል። ጋራዥ ሲደርሱ መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ «ሞተር ይወርዳል» ይላል። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህች ቃል ላይ ነው። ሞተሩ አንዴ ወርዶ ከተበተነ መኪናውን እንዳለ መሸጥ ከባድ ነው፤ ሌላ ጋራዥ ነድቶ ማሳየትም ቀረ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተጠየቀውን እየከፈሉ መቀጠል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ያለው ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁለት ቀን ቢወስድ ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብም ከአንድ የዘይት ቅያሪ ብዙም አይበልጥም።

«ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተወው» የሚል የውጭ አገር ስሌት አለ። መኪና በየዓመቱ ዋጋው በሚወርድበት አገር ይሠራ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ አይሠራም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል፦ የ20 ዓመት ቪትዝ ዋጋው አይወርድም። ይህ ሚዛኑን ወደ መጠገን ያደላዋል። ግን በዚያው ልክ መጠገን የሌለበት መኪና ላይ ገንዘብ እንዲፈስም ያደርጋል፤ ሁለተኛው ነገር በአዳማ ጋራዦች ዘወትር የሚታይ ነው።

የማይቀየረውን አስቀድሙ

ሞተር ይቀየራል። ካምቢዮ ይቀየራል። ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ይላጫል። ሻንሲ ግን ከተበላሸ ሌላው ሁሉ የተሠራበት መሠረት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናው በሞተር ምክንያት ጋራዥ ቢገባም ፍተሻው ከሞተሩ አይጀምርም፤ ከሥር ይጀምራል።

ቪትዝና ኮሮላ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ለእነዚህ ቀላሉ ፈተና ይህ ነው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ። ከዚያ አንዱን የኋላ ጎማ ክሪክ በሚገባበት ቦታ በኩል ከመሬት እስኪለቅ ያንሱና በዚያ በኩል ያሉትን በሮች ይክፈቱ፣ ይዝጉ። ጤነኛ ቦዲ ላይ በሩ እንደ ወትሮው ይገጥማል። በሩ ከታች ከነከሰ ወይም በኃይል ካልሆነ አልዘጋም ካለ፣ ቦዲው እየተጠማዘዘ ነው፤ ከበሩ ሥር ያለው ረጅሙ ላሜራ ከውስጥ ተበልቷል። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ።

ከዚያ ምንጣፉን አንስተው የእግር መርገጫውን ወለል ይዩ። የመለዋወጫ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳም ይመልከቱ፤ ውኃ የሚተኛበት እሱ ነው። የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ከላይ የሚታሰሩባቸውን ሁለት ክብ ቦታዎች ሞተር ክዳኑን ከፍተው ይፈትሹ፤ በቦሎኖቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወይም የተነፋ ቀለም ካለ ከባድ ምልክት ነው። በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ማግኔት ይዘው በሮቹን፣ የጎማ ቅስቶቹንና የበሩን ሥር ያስኪዱ። ማግኔቱ የሚለቅበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል። በር ላይ ያለ ስቱኮ የድሮ ግጭት ነው፤ አያስጨንቅም። የበር ሥር ላይ ያለ ስቱኮ ግን የተሸፈነ ዝገት ነው።

አይሱዙ፣ ሃይሉክስና ሌሎች ራሱን የቻለ ሻንሲ ያላቸው መኪኖች የሚታዩት በሌላ መንገድ ነው። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ጤነኛ ብረት ያቃጭላል፣ የተበላ ብረት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ንብብር ብረት) የሚታሰርባቸውን ጆሮዎች፣ የመሪው ሳጥን የሚቀመጥበትን ቦታና ከጋቢናው ኋላ ያለውን የሻንሲ ክፍል አቧራውን ጠርገው ይዩ። ከጭነት ብዛት የሚሰነጠቀው በብዛት እዚያ ነው። በሪቬት የተያያዘው አግዳሚ ላይ ከሪቬቱ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ከታየ ሪቬቱ ላልቶ እየተንቀሳቀሰ ነው። መኪናው ቀድሞ በማን እጅ እንደነበረ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ፦ ከአፍዴራ ጨው ሲጭን የኖረ አይሱዙ ሻንሲው ከውስጥ በኩል ይበላል፤ ከውጭ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያማረ ሆኖ ሊቆም ይችላል።

መዛነፉን ለማወቅ ክርና ብሎን ይበቃል። ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ አራት አቻ ነጥቦች ይምረጡ፤ ለምሳሌ የባሌስትራ ፒኖቹን። ከእያንዳንዱ ነጥብ ብሎን ያንጠለጠለ ክር ወደ መሬት አውርደው ጫፉ ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። መኪናውን ገፍተው ያንሱትና ምልክቶቹን በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ሰያፎች ከ5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ተዛንፏል፤ ጎማ አንድ በኩል የሚበላውም፣ መሪ የሚጎትተውም በዚህ ነው። ስንት ጊዜ ባላንስ ቢሠራለት አይስተካከልም።

የሾክ መያዣው፣ የባሌስትራ ጆሮው፣ የመሪው መቀመጫ ወይም የደኅንነት ቀበቶው መታሰሪያ ዝጎ ከተበላ እዚህ ላይ ያቁሙ። ከዚህ ወዲያ ስለ ሞተሩ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። እንዲህ ላለ መኪና ሞተር መሥራት ለተናጋ ቤት ጣራ መቀየር ነው፤ እንዳለ መሸጥ ወይም ለመለዋወጫ መበተን ይሻላል።

ወረቀቱም ከማይቀየረው ወገን ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። የሞተር ቁጥሩ የማይገጥም ከሆነ ቀድሞ የተቀየረ ሞተር ሳይመዘገብ ቀርቷል፤ ይህ ሳይጠራ የሚወጣ የጥገና ብር መኪናው ሲሸጥ አይመለስም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ያጣሩ።

የሮጠው ኪሎ ሜትር

ቆጣሪው ላይ ባለው ቁጥር አይመኑ። የአንዳንድ ድሮ ኮሮላ ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ነው፤ 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አገልግሎቱን ከሥራው ማስላት ይሻላል። በቀን 180 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሚኒባስ በዓመት 300 ቀን ከወጣ 54,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በስድስት ዓመት ከ320,000 በላይ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ የመሪው ቆዳ ከተላገና የሾፌሩ መቀመጫ ከግራ ጠርዙ ከሰመጠ ቆጣሪው 90,000 ቢልም ዋጋ የለውም። ደግሞም ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት የቶዮታ ናፍጣ ሞተር 400,000 ሄዶም ጤነኛ ሆኖ ሊቆይ ሲችል፣ አቧራ የጠጣ ሞተር በ80,000 ያልቃል።

አቧራውን በዓይን ማየት ይቻላል። አዳማ ነፋስና አቧራ የማይለያት ከተማ ናት፤ ወደ ወንጂና ወደ ገጠር የሚሠራ መኪና ደግሞ ይብስበታል። የአየር ማጣሪያውን ቤት ይክፈቱ፤ ማጣሪያውን ሳይሆን ከማጣሪያው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ይፍቱ። ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው የቱቦውን ውስጥ ይጥረጉ። ጨርቁ ትንሽ ዘይት ብቻ ይዞ ከወጣ ደኅና ነው። ቡናማ ደቃቅ አቧራ ይዞ ከወጣ ማጣሪያው አይገጥምም ወይም ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ያ አቧራ ፋሻውንና (የፒስተኑን ቀለበትና) ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሞርድ ቆይቷል። ይህን ያየ ሰው የኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ውጤት ዝቅ ቢል አይደንቀው።

ኮምፕሬሽን፦ የአዳማን ከፍታ ሳይረሱ

የኮምፕሬሽን ፈተና ሞተሩ ሳይወርድ ስለ ውስጡ የሚነግረን ዋናው መለኪያ ነው። አሠራሩ ግን ትክክል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጤነኛ ሞተር ሞተ ይባላል።

ሞተሩን እስከ መደበኛ ሙቀቱ ያሙቁ፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ካንዴላዎቹን ሁሉንም ይፍቱ፤ አንድ ብቻ ፈትቶ መለካት ልክ አይሰጥም። የእሳቱንና የነዳጁን መስመር ያቋርጡ። መለኪያውን አስገብተው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጡና ሞተሪኖውን መርፌው መውጣት እስኪያቆም፣ ከአራት እስከ ስድስት ምት፣ ያዙሩ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ 82 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.82 ያባዙ። መጽሐፉ ለጤነኛ ቤንዚን ሞተር 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ዝቅተኛውን ደግሞ 140 ካለ፣ አዳማ ላይ ጤነኛው 148፣ ዝቅተኛው 115 ይሆናል ማለት ነው። 145 ያነበበ ሞተርን «ወርዷል» ብሎ የሚፈታ መካኒክ ጤነኛ ሞተር እየፈታ ነው። በሃይስ ሚኒባሶች ላይ ለሚታወቀው ባለ 3 ሊትር 5ኤል ናፍጣ ጤነኛው 450 አካባቢ፣ ዝቅተኛው 285 አካባቢ ነው፤ እዚህ ሲሆን ወደ 370 እና 235 ይወርዳል። ለናፍጣ የራሱ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የቤንዚኑ መለኪያ ይሰበራል።

ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ይናገራል። ትንሹ ሲሊንደር የትልቁን 75 በመቶ ካላገኘ ችግር አለ። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ እርጅና ወይም አቧራ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። አንዱ ብቻ ከወረደ በቤንዚን ሞተር አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ዘልሎ ከወጣ ያለቀው ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ዘግቶለታል። ምንም ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው፦ ቫልቭ ከሆነ ቴስታታው ብቻ ይወርዳል፣ ፋሻ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ።

መለኪያ ያለው ጋራዥ እስኪያገኙ የሚሠራ አንድ ፍተሻ አለ። ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብሎ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ክዳኑ ቢንቀጠቀጥ ልክ ነው። እየዘለለ ከወደቀና ከቀዳዳው እንደ ጀበና ጢስ ከተነፈሰ፣ ቃጠሎው በፋሻው እያለፈ ወደ ዘይቱ ቤት እየገባ ነው።

ዘይቱ

የዘይት ፍጆታ ሳይለካ አይወራም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው ሞተሩን ካጠፉ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ። ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ አዳማና አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ተኩል ማለት ነው። በዚያው ቦታ አቁመው እስከዚያው ምልክት ለመሙላት የገባውን ዘይት በሊትር ይለኩና በሁለት ያባዙ። በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር የሚበላ አሮጌ ሞተር እየሞሉ ለዓመታት የሚነዱት ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ከሆነ መጀመሪያ ርካሹን ምክንያት ይፈልጉ። ከአንድ ሊትር ካለፈና የውጭ ፍሳሽ ከሌለው ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም።

ጢሱ የት እንደሚጠፋ ይጠቁማል። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጢስ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ይህ ትንሽ ሥራ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ወይም ዳገት ላይ ሰማያዊ ጢስ የሚከተል ከሆነ ፋሻ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጢስ ውኃ እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው፤ ከፍታችን አየሩን ስለሚያሳሳ ናፍጣ መኪና እዚህ ትንሽ ጥቁር ቢያወጣ ሞተር አያስፈታም።

የተቀየረውን የዘይት ማጣሪያ አይጣሉት። በብረት መጋዝ ቆርጠው የውስጡን ወረቀት አውጥተው ፀሐይ ላይ ይዘርጉ፤ እያጋደሉ ይዩት። ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ከሆነ ደኅና። የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ካለ ማግኔት ያስጠጉ፦ የሚነሳው ብረት ነው፣ የማይነሳው ነሐስና ብርማ ደቃቅ ግን ከብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ ከሚዞርበት ስስ ሽፋን) የተላጠ ነው። ያ ማለት ክራንክሻፍቱ መነካት ጀምሯል፤ የዘይት መብራቱ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም። በብሮንዚን ደረጃ የቆመ ሞተር በ0.25 ሚሊ ሜትር ላጭቶ መመለስ ይቻላል፤ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ተላቅቆ ብሎኩን ከበሳ ግን የሚጠገን ነገር አይቀርም።

ውፍረቱ የበዛ ዘይትና በቆርቆሮ የሚሸጥ የዘይት ማጠናከሪያ ይህን ሁሉ ምልክት ለጥቂት ሳምንት ይደብቀዋል። ለማወቅ የሚፈትሽ ሰው መጀመሪያ ዘይቱን በትክክለኛው ዓይነት ይቀይር።

ውድ የሚመስሉ ርካሽ ብልሽቶች

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ አንድ ሺህ ብር የማይሞላ ዕቃ ሞተር ያስወረደበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉም በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይቀይሩ። አዳማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ሲወጡ ከዚያም ይቀንሳል። መኪናውን የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፦ 0.9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም፤ ጤነኛ ሞተር በመደበኛ ሙቀቱ ላይ ሳለ ውኃው ይፈላና ይተፋል። ሾፌሩ «ጓርኒሲዮን በላ» ይላል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ ተላጭቶ ይገጠማል፣ ክዳኑ ያው የድሮው ነው፣ መኪናው እንደገና ይፈላል። ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን አይክፈቱ።

ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ መቃጠሉን በላስቲክ ጓንት ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ውኃውን እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን ያንሱ፣ የጓንቱን አፍ በራዲያተሩ አንገት ላይ አጥብቀው ይሰሩና ሞተሩን ያስነሱ። ውኃው ገና ሳይሞቅ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ደቂቃ ጓንቱ ተነፍቶ ጣቶቹ ከቆሙ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው። ካልተነፋ ቴርሞስታቱን፣ ፋኑን፣ የውኃ ፖምፓውንና ራዲያተሩን ይመልከቱ። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሮጥ ያደርጋል፣ በዘይቱ ውስጥ ዝቃጭ ያበዛል፣ ፋሻውን ቶሎ ይጨርሳል። ተመልሶ ይግባ።

ዘይት የሚበላ ቤንዚን ሞተር ላይ ከፋሻው በፊት የሞተሩን ትንፋሽ የምትመልሰውን ትንሽ ቫልቭ ነቅለው ያንቀሳቅሷት። ካልተንኳኳች ተዘግታለች፤ የውስጡ ግፊት ዘይቱን በየማኅተሙ እየገፋ ያወጣዋል። የዘይት መብራት ሲበራ መብራቱን የሚያበራው መጠቆሚያ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል በእጅ መለኪያ ግፊቱ ይለካ። ጉልበት ያጣ ናፍጣ ላይ የነዳጅ ማጣሪያውና አየር የሚስብ ቱቦ ይታይ፤ የኖዝሎቹ አረጫጨትም ኖዝል በሚፈትሽ ቤት ይመርመር። የሚያንኳኳ ድምፅ ሲሰማ የሞተር ጎሚኒ፣ የላላ የማርሚታ ማሰሪያ፣ የዲናሞ ኩሽኔታ ተራ በተራ ይጣራ፤ የዲናሞውን ቺንጋ ለአፍታ ፈትቶ ሞተሩን ማስነሳት ብቻ ስንት የተጠረጠረ ቢየላ ነጻ አውጥቷል።

ካምቢዮና የቀረው

የእጅ ካምቢዮ ላይ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማርሽ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ደኅና ነው፤ እየዞረ ከቀጠለ አልቋል። ማርሽ እየተፋ የሚወጣ ካምቢዮ ይከፈታል፤ ኩሽኔታ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ግን ሥራው የቀን ነው። አውቶማቲክ ቪትዝ ላይ የካምቢዮውን ዘይት በነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ይኑር፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ጠረን ካለውና ማርሽ ለመያዝ ከዘገየ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ በመክፈት አይድንም ብለው በሌላ ካምቢዮ ዋጋ ያስሉት።

ቴስቲና፣ ጎሚኒ፣ ፍሬን፣ ሾክ አብዞርበር፣ ጎማ፦ እነዚህ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ ዝርዝሩን ጽፎ ዋጋ መጠየቅ ነው። ጎማ ላይ ግን አንድ ነገር። የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚያሳየውን አራት አኃዝ ይዩ፤ ጥርሱ ቢኖርም የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ በፍጥነት መንገዱ ላይ በቀትር ሙቀት ይፈነዳል።

የመንገድ ፈተናውን ወደ አሰላ ያድርጉት። ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ከ1,700 ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል፤ በከተማ ውስጥ የሚደበቅ በሽታ ሁሉ ከኢተያ ወዲያ ይወጣል። ሲወጡ ሙቀቱንና ጉልበቱን፣ ሲወርዱ ደግሞ በማርሽ ይዘው ኋላ መስታወቱን ይመልከቱ። ረጅም ቁልቁለት ወርደው ነዳጅ መልሰው ሲሰጡ ሰማያዊ ዳመና ከኋላ ከተነሳ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው።

ሂሳቡ

ብር በየወሩ ስለሚለዋወጥ በመቶኛ ማስላት ይሻላል። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ጤነኛ መኪና ገበያ ላይ የሚያወጣውን 100 ይበሉ። የእርስዎ መኪና ዛሬ እንዳለ፣ ችግሩ ተነግሮ፣ ስንት እንደሚሸጥ ሁለት ደላላና አንድ መካኒክ ይጠይቁ፤ 65 አሉ እንበል። አሁን ጥገናውን ያስሉ። መለዋወጫ፣ የቶርኖ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚላጩበት)፣ የእጅ ዋጋ፣ ዘይት፣ ጓርኒሲዮን፣ ማጣበቂያ፣ መጎተቻ ሁሉም ይግባ። 20 መጣ እንበል። ሞተር ሲከፈት ሁልጊዜ ያልታየ ነገር ስለሚወጣ ሲሶውን ይጨምሩ፤ ወደ 27 ይጠጋል። መኪናው የሥራ ከሆነ የቆመባቸው ቀናት ገቢም ወጪ ነው፤ «ሳምንት ይበቃዋል» የተባለ ሥራ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ አስበው ያስሉ። 4 ይሁን። ድምሩ 96።

96 ከ100 ያንሳል፤ መጠገኑ ያዋጣል፣ በጥቂቱ። በተጨማሪ የሚያውቁት መኪና ነው፤ በ100 የሚገዙት «ጤነኛ» መኪና ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ የስም ማዛወሪያና የደላላ ወጪም አለው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ድምሩ እስከ 105 ድረስ ቢሆንም ሻንሲው ጤነኛ ለሆነ መኪና መጠገኑን እንመርጣለን። ከ105 ካለፈ መኪናው ይሸጥ። ሻንሲው አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ድምሩ 85 ቢሆንም አይጠገን።

የመለዋወጫውን ዋጋ ከአዳማ ሱቆች ብቻ አይውሰዱ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስልክ ደውለው ኦርጅናሉን፣ ታይዋኑንና ያገለገለውን ለየብቻ ይጠይቁ። ፋሻ፣ ብሮንዚን፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮንና የጊዜ ቺንጋ ላይ ርካሹን መግዛት ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በር፣ መብራት፣ መስታወት ግን ያገለገለ ቢሆን ምን ቸገረ።

ያገለገለ ሞተር መግዛትም አንድ አማራጭ ነው፤ የአሮጌው ክራንክሻፍትና ሲሊንደር ሁለቱም ካለቁ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከመክፈልዎ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ ቁጥሩ ይነበብ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ደረሰኙ በእጅዎ ይግባ፤ ካለዚያ ሊብሬ ላይ አይመዘገብልዎትም።

ለመጠገን ከወሰኑ

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሲሄድ አብረው ይሂዱ። ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በሥሩ በስስ መለኪያ ይለካል፤ መጽሐፉ ከሚፈቅደው በላይ የተጣመመ ይላጫል፣ ከመላጨቱ በፊት ግን ስንጥቅ እንደሌለው በግፊት ይፈተሽ። «ስንት ተላጨ?» ብለው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ብዙ የተላጨ ናፍጣ ላይ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል። ሲሊንደሩ የሚቦረሽ ከሆነ ፒስተኑ፣ 0.50 ይሁን 1.00፣ መጀመሪያ ተገዝቶ በእሱ ልክ ይቦረሽ። ክራንክሻፍቱም እንዲሁ፤ 0.25 ወይም 0.50 ብሮንዚን ገበያ ላይ መኖሩ ሳይታወቅ አይላጭ። ሞተሩ ከተከፈተ የጊዜ ቺንጋው፣ የውኃ ፖምፓውና የክራንክሻፍቱ ጫፍ ዘይት ማገጃዎች አብረው ይቀየሩ፤ በኋላ ለእነሱ ሲባል የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። በ5ኤል ላይ የጊዜ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ይጣመማሉ።

የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ይረከቡ።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ራዲያተሩን በጉድጓድ ውኃ አይሙሉት፤ ጨዋማው ውኃ ውስጡን በነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል። የተጣራ ውኃና ኩላንት እኩል በእኩል ይግባ። የመጀመሪያዎቹን 1,000 ኪሎ ሜትሮች በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ አይንዱ፤ ስለዚህ የፍጥነት መንገዱን ትተው በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ባለው አሮጌው መንገድ፣ ማርሽ እየቀያየሩ፣ ሳይጭኑ ይሂዱ። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚግባባው ጉልበት እየተሰጠው እየተለቀቀ ሲሄድ ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየር፣ ያቺም ማጣሪያ ተቆርጣ ትታይ። የቴስታታው ቦሎን እንደገና የሚጠበቅ ዓይነት ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ። በ1,000 ላይ ኮምፕሬሽኑን እንደገና ይለኩና ከጥገናው በፊት ከጻፉት ቁጥር አጠገብ ይጻፉት።